ምስክር ሳለ ይጠየቅ

በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው ነፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ስያሜውን ያገኘው ያለ ሽቦ ቃልን በነፋስ ከሚያስተላልፈው ጣቢያ ነው። ጣቢያው ግን ተናጋሪ ከሌለ የሚያደርሰው ቃል የለውም። በዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤቶችና በመላው ከተማ የሚማሩት ልጆች በሰው ላይ የተፈጸመውን ግፍ ከመጽሐፍ ብቻ ይማሩ ወይስ ካየው ሰው አንደበት ይስሙ የሚለው ጉዳይ፥ ምስክሮቹ እያለፉ ስለ ሆነ፥ በቀጠሮ የሚታለፍ አይደለም።

ናዚዎች 6 ሚሊዮን ያህል አይሁድን ፈጅተዋል። ከሞት ካመለጡት ብዙዎቹ ያዩትን በልባቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ኖሩ። በ1953 ዓ.ም. ከእልቂቱ አስፈጻሚዎች አንዱ አዶልፍ አይሽማን በኢየሩሳሌም ለፍርድ በቀረበ ጊዜ ግን፥ ከ100 የሚበልጡ ምስክሮች በአደባባይ ተናገሩ፤ ዓለምም ሰማ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በአሜሪካ የተቋቋመው የሾዓ ድርጅት ደግሞ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎችን ቃል በምስልና በድምፅ ቀርጾ አኖረ። ስለዚህ የዛሬ ተማሪ ከቁጥሩ ጋር የሰውን ፊትና ድምፅ አብሮ ያገኛል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ሰማዕት ማለት በግዕዝ ምስክር ማለት ነው፤ ስንክሳርም በየዕለቱ የሚነበበው የሰማዕታቱ ተጋድሎ ከትውልድ እንዳይጠፋ ነው።

በአገራችን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ 3 ቀን ሙሉ ግድያ ፈጸሙ። የሞቱትን የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሲል፥ ኢያን ካምቤል የተባለው ታሪክ መርማሪ ወደ 19,000 ገምቷል። በዚያ ቀን የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ለመቶ ዓመት ጥቂት የቀረው ስለ ሆነ፥ የሚጠየቅ ምስክር ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆኗል።

የቀይ ሽብር ምስክሮች ግን ገና በመካከላችን አሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. 20 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ዛሬ ወደ 70 ዓመት ተጠግተዋል። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም፥ ከእስርና ከስቃይ የተረፉ ሰዎች ራሳቸው ጎብኚዎችን እየመሩ ያስረዱ ነበር። ይህ መልካም ጅምር ወደ ትምህርት ቤቶችም ሊደርስ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ የኛ ነገር ከአይሁድ ታሪክ የሚለይበት ከባድ ችግር አለ። ያሰረና የታሰረ፥ የገደለና የሞተ፥ የአንድ አገርና ብዙ ጊዜም የአንድ ቀበሌ ሰዎች ነበሩ። የመንግሥትን ሰዎች በከተማ የገደሉ ተቃዋሚዎችም ስለ ነበሩ፥ የነዚያም ቤተሰብ የሚናገረው አለው። የሁሉም የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። ስለዚህ ቃሉ ያለ ሥርዓት ከተነገረ፥ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ቂም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሦስት ነገር መጠበቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ምስክሩ ወዶና ተዘጋጅቶ እንጂ ተገዶ አይናገር፤ ያለፈውን መከራ ማውሳት ቁስልን መንካት ነውና። ሁለተኛ፥ በኦሪት ሕግ የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻውን ለፍርድ እንደማይበቃ ሁሉ፥ የተነገረው ከሌሎች ምስክሮችና ከመዝገብ ጋር ይመሳከር። በ1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ብዙ ሹማምንት ጥፋተኞች የተባሉበት የፍርድ ቤት መዝገብ ለመምህራን ታላቅ መሣሪያ ነው። ሦስተኛ፥ ጥፋተኛው በስሙ ተከሶ እንደ ተፈረደበት፥ ልጁና የልጅ ልጁ ግን ተከሳሽ እንዳልሆኑ ለተማሪዎች በግልጥ ይነገራቸው።

ይህን ለመፈጸም ብዙ ወጪ አያሻም። የትምህርት ሹማምንት ለምስክሮች ቃል በዓመት ጥቂት ሰዓት ቢመድቡ፥ ቃሉም እየተቀረጸ ቢቀመጥ፥ ካህናትም በንስሐ ልጆቻቸው መካከል ያሉትን አረጋውያን ቢያበረታቱ፥ ሥራው ይጀመራል። የየካቲት 12 ምስክሮች ሳይጠየቁ ያለፉት በርካታ ናቸው፤ የቀይ ሽብሮቹም እንደዚሁ ቢያልፉ ግን ለዚህ ትውልድ ምክንያት አይኖረውም።