ዐቃቢ እንጂ ዘበኛ አይደለም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቃል ነው። የቤት ኪራይና የሥራ ችግር ተደርድሮ ሳለ ስለ ቃል መጻፍ ምን ይሉታል የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ቃል የሚጠራው የእናቶቻችንን የእጅ ሥራና የአባቶቻችንን መጽሐፍ ይዞ፣ ስም አውጥቶለት፣ መስተዋት ውስጥ አስቀምጦ ለልጆቻችን የሚያሳየውን ሰው ስለሆነ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ሰውዬው በዕብራይስጥ ኦጼር ይባላል፤ ሴት ስትሆን ኦጼሬት። በሙዚየም ውስጥ የትኛው ዕቃ እንዲገባ፣ የትኛው እንዲታይ፣ የትኛው በመጋዘን እንዲቀር የሚወስን፣ ከዕቃውም ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ የሚጽፍ እሱ ነው። ለእኛ ተብለው በአማርኛ በሚታተሙ ወረቀቶች ላይ ግን ይህን ባለ ሥልጣን «ጠባቂ» እያሉ ሲተረጉሙት አያለሁ።

ትርጉሙ ምን እንደሚያስከትል በዓይኔ አይቻለሁ። ለመምህርነት ከሚሠለጥኑ ልጆችና ከጥቂት አረጋውያን ጋር ወደ አንድ ሙዚየም ሄደን ነበር። መስተዋቱ ውስጥ ቆዳ የተለበጠ አገልግል ተቀምጧል፤ ሥሩ «ቅርጫት፣ ኢትዮጵያ» ከሚል በቀር የሰፋችው ሴት ስም የለ፣ መንደሩ የለ። አብራን የነበረች አንዲት እናት ስፌቱን አየችና ተቆጣች። አክርማውና ሰንደዶው እንዴት እንደተያያዘ፣ ቆዳው ለምን እንደተለበጠ፣ ስንቅ ተይዞበት መንገድ እንደሚወጣበት ለልጆቹ አስረዳች። ከዚያም የአማርኛውን ወረቀት አስነብባ «ጠባቂው» የሚለውን ስትሰማ፣ በር ላይ ወደ ቆመው የደንብ ልብስ ለባሽ ልጅ ሄደች። «ልጄ፣ አገልግሉን ለምን ቅርጫት አላችሁት?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ የእኛው ልጅ ነበር። አፍሮ ሳቀና «እናቴ፣ እኔ እኮ ቦርሳ ነው የምፈትሸው» አላት።

ዘበኝነት ውርደት አይደለም። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያሳደግነው በሽሚራ ደመወዝ ነው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ዕብራይስጥ በር የሚጠብቀውን ሾሜር፣ ያረጀ ዕቃ የሚጠግነውን ሜሻሜር፣ መርጦ የሚያሳየውን ኦጼር ብሎ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥቷል። እኛ ሦስቱንም «ጠባቂ» ካልናቸው አቤቱታችንን ለማን እንደምናቀርብ እንኳ አናውቅም። እናቲቱ የጠየቀችው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ግን ፎቅ ላይ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ኦጼር የመጣው ኦጻር ከሚለው ነው፤ ኦጻር ማለት ውድ ሀብት፣ ግምጃ ቤትም ማለት ነው። በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 13 ቁጥር 13 ነህምያ በግምጃ ቤቶቹ ላይ ሹሞች እንዳቆመ ይነገራል፤ ዕብራይስጡ የሚጠቀመው ከዚሁ ሥር የወጣውን ግሥ ነው። የተሾሙት እነማን ናቸው? ካህኑ ሰሌምያ፣ ጸሐፊው ሳዶቅ፣ ከሌዋውያንም ፈዳያ። የተመረጡት ታማኞች ስለሆኑ ነው፤ ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማከፋፈል ነበር። እንግዲህ ኦጼር የሚለውን ስም የተሸከመ ሁሉ ይህንን ያንብብ። ዛሬ ዘፈን የሚመርጠውም፣ የምግብ ዝርዝር የሚያወጣውም ኦጼር ነኝ እያለ ነው፤ እሱን እንተወው።

የአውሮፓው ስም ከዚህ ይለያል። ኩሬተር የሚባለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ እንክብካቤ ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን በጥንቱ የሮም ሕግ ኩራቶር ይሾም የነበረው ንብረቱን ራሱ ማስተዳደር አይችልም ለተባለ ሰው፣ ለምሳሌ ለአእምሮ ሕመምተኛ ነበር። በእኛ ቋንቋ ሞግዚት እንደማለት ነው። አንዳንድ ሙዚየሞች ሽማግሎቻችንን የሚያነጋግሩበት አኳኋን ይህንን የድሮውን ትርጉም ያስታውሰኛል። እንግሊዞች ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም የክፍል ኃላፊዎችን «ኪፐር»፣ ማለትም ጠባቂ፣ ይሏቸው ነበር። በ1868 መቅደላ ስትወረር ከጦሩ ጋር የተላከው ሪቻርድ ሆምስ የዚሁ ሙዚየም የብራና መጻሕፍት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ወደ ሙዚየሙ ገቡ፤ ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ግን ሆምስ ለራሱ አስቀረው። ከዚህ በኋላ «ጠባቂ» የሚለውን ስም ብቻ ሰምቶ የሚያምን ይኖራል?

እኔ የማቀርበው ቃል ዐቃቢ ነው፤ ሴቷ ዐቃቢት። ግእዙ ዐቀበ ጠበቀ፣ ተጠንቅቆ ያዘ ማለት ነው። «ግእዝ ማን ያውቃል?» ለሚሉኝ፣ ዐቃቤ ሕግ የሚለውን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ዐቃቤ ሕግ በፍርድ ቤት በር ላይ የሚቆም ዘበኛ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዐቃቢም ሲባል ኃላፊነትና ተጠያቂነት ያለበት ሰው መሆኑ ወዲያው ይገባናል። (ያዕቆብ የሚለውን ስም ከዚሁ ሥር የሚያያይዙ ሊቃውንት መኖራቸውን ስሰማ ደስ ብሎኛል።)

ደግሞስ ዐቃቢ አልነበረንም? በመስጊዳችን ኦሪቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖር የነበረው ቄስ ምን ነበር? መጽሐፉ ጥቅልል ሳይሆን በብራና የተጻፈ ጥራዝ መሆኑን፣ የትኛው ክፍል በየትኛው በዓል እንደሚነበብ፣ በማን እጅ መከፈት እንደሚገባው የሚያውቅ እሱ ነበር። በ1984 በሱዳን በረሃ አቋርጠው፣ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን አንሶላና ማሰሮ ጥለው መጽሐፍ ይዘው የመጡ አሉ። እዚህ ሲደርሱ ግን እውቀታቸው በሌላ ሰው ስም ይታተማል፤ እነሱ በምስጋናው ገጽ ግርጌ «መረጃ ሰጪ» ይባላሉ፣ ያውም ስማቸው ከተጻፈ። እውቀቱን የሰጠ ሰው አብሮ ዐቃቢ ነው፤ ስሙም ከኦጼሩ ስም ጎን ይጻፍ፤ የድካሙም ዋጋ ይከፈለው። ልጆቻችንም ይህን ሙያ ይማሩ። ፋይትሎቪች የሰበሰባቸው መጻሕፍት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል፤ ግእዝ የሚያነብ የእኛ ልጅ ቢከፍታቸው የሚያየው ነገር ከሌላው ይለያል።

እናንተም ቤታችሁ ሙዳይ፣ እንስራ፣ የእናታችሁ ቀሚስ ወይም የብራና መጽሐፍ ካለና የሚጠይቃችሁ ሰው ከመጣ፣ አስቀድማችሁ ዐቃቢው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የሠራው ሰው ስምና መንደሩ በመዝገብ ሲገባ ቆማችሁ እዩ። ዕቃውን በአራት ማዕዘን ፎቶ አንሱት። የሚያስፈርማችሁን ወረቀት ዕብራይስጥ የሚችል ልጃችሁ እስኪመጣ ድረስ አትፈርሙ። ወረቀቱ «ማታና» ካለ ስጦታ ነው፣ አይመለስም። «ሃሽአላ» ካለ ውሰት ነው፤ የሚመለስበትን ቀን አስጽፉ፣ አንዱን ቅጂም ይዛችሁ ሂዱ።