የቃላት ምንጭ፦ «ሪድ»

ዛሬ የምናየው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «ሪድ» ይባላል፤ ማንበብ ማለት ነው። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሲሉት ሳትሰሙ አትቀሩም።

ይህ ቃል ድሮ ሌላ ሥራ ነበረው። የእንግሊዝን ቋንቋ ይዘው የገቡት ሰዎች ከ1500 ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ጀርመንና ዴንማርክ ከሚባሉት አገሮች ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ከነሱ መካከል ጽሕፈት የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። በነሱ አፍ ቃሉ መምከር ማለት ነበር። ደግሞም የተሰወረ ነገር መፍታት ነበር፤ ሕልም መፍታት፣ እንቆቅልሽ መፍታት። እንቆቅልሽን እስከ ዛሬ «ሪድል» ይሉታል፤ የዚያው ቃል ልጅ ነው። በኋላ ጽሕፈት ሲስፋፋ፣ ብራና ላይ ያለውን ምልክት የሚፈታ ሰውም በዚሁ ቃል ተጠራ።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ978 የነገሠ ኤቴልሬድ የሚባል ንጉሥ ነበራቸው። የስሙ ፍቺ «ክቡር ምክር» ነው። ከዴንማርክ የመጡ ወራሪዎች አገሩን ሲዘርፉ እሱ ብር እየከፈለ ሊመልሳቸው ሞከረ። እነሱም ብሩን ወስደው እንደገና መጡ። ከሞተ በኋላ ሰው «ምክር የለሽ» የሚል ቅጽል አወጣለት። ክቡር ምክር፣ ምክር የለሽ! ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ቀልዱ አይጠፋውም።

የኛስ ቃል? «አነበበ» ከግዕዝ የመጣ ነው። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። ከሱ የወጣው «አንበበ» እንዲናገር አደረገ እንደማለት ነው። እኛ ፊደሉን እናናግራለን፣ እነሱ እንቆቅልሹን ይፈታሉ። ለኛ ሁለቱም ያስፈልጉናል ባዮች ነን።

እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። በጨዋታ የተሰጠ አገር ሲነጋ የለም። የመሬት ኪራይ ውል ግን ጨዋታ አይደለም እኮ! አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያተመ ሰው፣ መሬቱን ለስንት ዓመት እንደሰጠ የሚያውቀው ሌላው በነገረው ልክ ነው። ስለዚህ ውሉን ቀስ ብላችሁ አናግሩት። ስንት ጥማድ? ከመቼ እስከ መቼ? ገንዘቡ ስንት ነው? እያላችሁ ፍቱት። ጸሐፊው ቢቸኩል ይቆይ።

አንድ ነገር እንጨምር። እንግሊዞች ለዛሬው «ሪድ» ይላሉ፤ ትናንት ላነበቡት ግን «ሬድ» ነው። ሲጽፉት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በነዚያው 4 ፊደላት ይጻፋሉ። የሚለዩት ከጎኑ ያሉትን ቃላት አይተው ነው። ምን ዓይነት ጣጣ ነው ብላችሁ አትሳቁባቸው፤ እኛም ዘንድ አለ። እስቲ ይህን ድምፅ አሰምታችሁ አንብቡ፦

«ገበሬው እህል አለ አለ።»

የትኛው «አለ» ይጠብቃል? የትኛውስ ይላላል?