«ብታደርገው እገድልሃለሁ» የሚለው ዛቻ ልጃችሁን አያድነውም

ዛሬ የምጽፈው ለወላጆች ነው። አንዳንዶቻችሁ ልትቆጡኝ ትችላላችሁ።

ስለ ጫት፣ ሺሻና ትራማዶል ሲወራ «ለልጆች ማስተዋወቅ ነው» የሚል ተቃውሞ አይጠፋም። ስሙንማ ሰፈሩ ቀድሞ አስተዋውቋቸዋል። ከእናንተ ያልሰሙት አደጋውን ነው።

ዛቻ ልጁን ከመሞከር ላያስቆመው ይችላል፤ ከመናገር ግን ያስቆመዋል። ጓደኛው ራሱን ስቶ ሲወድቅ እናንተን ፈርቶ አይደውልም። በሩን ዘግቶ «ተኝቶ ይነሳል» እያለ ይጠብቃል። ሕይወት የሚያልፈው እንዲህ ሲጠበቅ ነው።

«አለመጀመር ይሻላል» በሏቸው፤ ትክክል ነው። እዚያ ላይ ግን አታቁሙ። እነዚህንም ንገሯቸው፦

👉 ትራማዶል «የህመም ክኒን ብቻ» አይደለም፤ የሞርፊን ወገን ነው። ሲበዛ ትንፋሽን ያዳክማል፤ የሚጥል በሽታ የሌለበትንም ሰው ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ከአልኮል ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

👉 ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ጨብሲ ሲከተል ምርቃናው ስካሩን ስለሚሸፍነው ልጁ ያልሰከረ እየመሰለው ይጨምራል።

👉 የወደቀ ጓደኛ ካልነቃ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ እንግዳ ማንኮራፋት ካመጣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፦ ወዲያው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል፤ ካልተገኘ በተገኘው መኪና ሆስፒታል ይወሰድ። እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ ይተኛ። ወተት፣ ቡና፣ ሎሚ በአፉ አይግባ። ክብሪት ማሽተትም አይጠቅምም። ብቻውን አይተው።

👉 የወሰደውን ነገር ለሐኪሙ በትክክል ይንገሩት። እኛ የምንፈልገው ለማከም እንጂ ለመፍረድ አይደለም።

«ይሄማ ፈቃድ መስጠት ነው» የምትሉኝ፣ በኤችአይቪ ጊዜ ስለ ኮንዶም ማውራትም «ማባለግ» ይባል እንደነበር አስታውሱ። ያኔ ዝምታው ማንን አዳነ?

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጃችሁን እንዲህ በሉት፦ «የትም ሁን፣ ምንም ውሰድ፣ አንተም ጓደኛህም ስትቸገሩ ደውልልኝ። መጀመሪያ እናድናችኋለን፤ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።»

በደወለላችሁም ሌሊት ቃላችሁን ጠብቁ። ያን ሌሊት ከጮኻችሁበት ሁለተኛ አይደውልም።

ለወላጆች ሼር አድርጉ።