የመጫኛ ዲስካችንን ራሳችን እናዘጋጅ

«መጀመሪያ ሊኑክሱን ጫኑት፤ የጎደለውን በኋላ ከኢንተርኔት ታሟላላችሁ» የሚል ምክር ደጋግመን ሰምተናል። ማሽኑ የኔትወርክ ካርዱን ካላወቀው ታዲያ በየት በኩል ነው የሚያሟላው? እኛ እጩ መምህራን ነገ ከምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች መካከል ደግሞ መስመሩ ጭራሹን የሌላቸው አሉ።

ነገሩ ያለው ከርነሉ ላይ ነው። ከርነል በፕሮግራሞችና በማሽኑ ዕቃዎች መካከል ቆሞ የሚያገናኝ የሥርዓቱ እምብርት ነው። ዴቢያን 12 በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ከርነሉ 6.1 ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠራን ካርድ ሁሉ ያውቃል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ዴቢያን 13 በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከ6.12 ጋር መጥቷል፤ እሱም ቢሆን ማርጀቱ አይቀርም። ስለዚህ አዲስ ከርነል ከመነሻው ዲስኩ ውስጥ ይግባ እንላለን።

«ይህማ የባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። ሊነስ ቶርቫልድስ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. የሊኑክስን ጅምር ሲያሳውቅ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 21! እኛማ ከርነል እንጻፍ አላልንም፤ የተጻፈውን እንተካ ነው ያልነው። ጂፒኤል የተባለው ፈቃዱም የምንጭ ጽሑፉ እስካልተደበቀ ድረስ ለውጦ ማባዛትን ይፈቅዳል።

ቀላል ነው ማለታችን ግን አይደለም። አንዳንዶች የከርነሉን ፋይል ብቻ ቀይሮ ዲስኩን መጻፍ የሚበቃ ይመስላቸዋል። አይበቃም። የየዕቃውን ጠባይ የሚያውቁት ሞጁሎች ከከርነሉ ጋር በቁጥር መግጠም አለባቸው፤ የ6.1 ሞጁል ለ6.12 አይሆንም። ሞጁሎቹ ደግሞ ያሉት በሁለት ቦታ ነው፦ ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ በሚገባው ኢኒትአርዲና ታምቆ በተቀመጠው ስኳሽኤፍኤስ። በላይቭ ዲስክ ወደ ማሽኑ የሚገለበጠው ይኸው ስኳሽኤፍኤስ ስለሆነ እሱ ከተዘነጋ ዲስኩ ሲወጣ ማሽኑ ወደ ድሮ ችግሩ ይመለሳል። ላይቭ-ቢልድ የተባለው የዴቢያን መሣሪያ ሁለቱን አስተካክሎ ያዘጋጃል።

ከርነሉን ከምንጩ ራሳችን ብናጠናቅረው ደስ ባለን። ግን ሴኩር ቡት የበራበት ማሽን ያልተፈረመ ከርነል አላስነሳም ይላል። ለጊዜው ዴቢያን ራሱ ፈርሞ በባክፖርትስ የሚያወጣውን መውሰዱ ይሻላል።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ከላቦራቶሪው የማንም ሰነድ የሌለበት አንድ ኮምፒዩተር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሙከራ ይፈቀድልን። በሚወጣው ዲስክ ላይ የከርነሉን ቁጥርና የተሠራበትን ቀን እንጽፋለን፤ ምን ምን እንደተለወጠም በአንድ ገጽ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።