የጊታሩ ስፒከር ዝም ሲል

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ልጅዎ ጊታሯን ሰክታ ልምምድ እንደጀመረች ስፒከሩ ሁለት ጊዜ ተንኮሻኮሸና ዝም አለ። ከሳሎን የሚመጣው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «ድምፁን አብዝታ አቃጠለችው!» ፍርዱን ለአንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት።

የምናወራው ከአምፕሊፋየሩ ተለይቶ ስለሚቆመው የስፒከር ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን ግድግዳው ላይ አይሰካም። ውስጡ ያለው ከአንድ እስከ አራት ስፒከር፣ ጥቂት ሽቦና የጃክ ማስገቢያ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ከተነቀለ በኋላ ቢከፍቱት አይነዝርዎትም። አምፕሊፋየሩ ግን ሌላ ነው። ከግድግዳው ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ የእሱን ክዳን ለባለሙያ ይተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አምፕሊፋየሩ ባለቫልቭ ከሆነ፣ ማለትም ከጀርባው እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ካሉት፣ ስፒከር ሳይሰካበት አይጫወቱበት። ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከስፒከሩ የባሰ ወጪ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ገመድ ከመንቀልዎ በፊት ያጥፉት።

አሁን ወደ ገመዱ። እኔ በዚህ ተበልቻለሁ። የወንድሜን ልጅ ሳጥን ጥገና ቤት ወስጄ «ስፒከሩ ሞቷል» ተባልኩና አዲስ ገዛሁ። ቤት ስንደርስ አሁንም ዝም! የተበጠሰው ገመዱ ነበር። አሮጌው ስፒከር እስከ ዛሬ መጋዘናችን ውስጥ በጤናው ተቀምጧል።

ገመዱን ሲለውጡ ታዲያ የጊታር ገመድ አይጠቀሙ። ጫፋቸው አንድ ዓይነት፣ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ በመሆኑ ያሳስታል። የጊታሩ ገመድ ግን የውስጥ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ የአምፕሊፋየሩን ኃይል ሲሸከም ሊግልና ሊቃጠል ይችላል። «የስፒከር ገመድ» ብለው ይጠይቁ።

ለፍተሻው አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ይበቃል። የገመዱን አንድ ጫፍ ሳጥኑ ላይ እንደተሰካ ይተዉት። ከአምፕሊፋየሩ የነቀሉትን ጫፍ ይዘው የባትሪውን አንዱን ዋልታ ከጃኩ አናት፣ ሌላውን በሁለት ቁራጭ ሽቦ እየታገዙ ከጃኩ ግንድ ጋር ለቅጽበት ብቻ ያነካኩ። «ቷ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ገመዱም፣ ማስገቢያውም፣ ቢያንስ አንድ ስፒከርም ደህና ናቸው፤ ችግሩን አምፕሊፋየሩ ወይም ጊታሩ ጋ ይፈልጉት። ሳጥኑ ሁለት ስፒከር ካለውና ባትሪው ሲነካ የአንዱ ወረቀት ወደ ውጭ የሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ፣ የአንደኛው ሽቦ ተገልብጦ ታስሯል። ወፍራሙ ድምፅ የሚሳሳውም በዚህ ነው።

ምንም ካልተሰማ ገመዱን ለውጠው ይድገሙት። አሁንም ዝም ካለ የሳጥኑን ጀርባ ይክፈቱ። የላላ የጃክ ብሎን፣ ከስፒከሩ እግር የወለቀ ሽቦ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ይፈልጉ። መንኮሻኮሹ ገመዱ ሲነካ ከተባባሰ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ቴስተር ካለዎት የስፒከሩን አንድ ሽቦ ነቅለው ኦሙን ይለኩ። 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር 6 ወይም 7 ቢያሳይ አይደንግጡ፣ ጤነኛ ነው። ጨርሶ ካላነበበ ግን የውስጥ ጥምጥሙ ተበጥሷል። ወረቀቱን በሁለት እጅ ቀስ አድርገው እኩል ሲጫኑት የሚፋቅ ድምፅ ካሰማም ጥምጥሙ ተጎድቷል። ስፒከሮቹ በተከታታይ ከታሰሩ የአንዱ መበጠስ ሁሉንም ዝም ያሰኛል፤ ጎን ለጎን ከታሰሩ የተረፈው ይቀጥላል።

አዲስ መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ከኢንቹ ሌላ ኦሙም የሚሸከመው ዋትም መመሳሰል አለበት። ለልጅዎ ይቅርታ መጠየቅ ካለብዎ ደግሞ፣ ባትሪውን እሷ ትያዘው።