«የአስተውሎት ፋብሪካ» እና ባለቤቱ

የማምረቻ መሣሪያው የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ስለ ምርት ዕድገት የሚሰጥ መግለጫ ሁሉ ጎዶሎ መሆኑን ሠርቶ አደሩ ከራሱ ኑሮ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ ከተማ፣ የኤንቪዲያ ኩባንያ ባካሄደው ዓመታዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ላይ የተነገረውም ከዚሁ አኳያ ሊመረመር ይገባዋል። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ጄንሰን ሁዋንግ የኮምፒዩተር ማዕከላት ከእንግዲህ የመረጃ ማከማቻ ሳይሆኑ «የአስተውሎት ፋብሪካዎች» እንደሚሆኑ አብራርተዋል። በአንድ በኩል ኤሌክትሪክ ይገባል፤ በሌላው በኩል ቶከን የተባሉ፣ ቃልና ሥዕል የሚገነባባቸው ጥቃቅን የስሌት ውጤቶች ይወጣሉ። በእርሳቸው አባባል ማንኛውም ድርጅት ወደፊት ሁለት ፋብሪካ ይኖረዋል፤ አንደኛው ዕቃውን፣ ሁለተኛው አስተውሎቱን የሚያመርትበት።

ቃሉ ተናጋሪው ካሰቡት በላይ እውነት ይናገራል። ፋብሪካ ካለ ባለቤት አለ፤ ጥሬ ዕቃ አለ፤ ላብ አለ። ድርጅቶች ግን ይህን ሁለተኛ ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራዩት እንጂ የሚገነቡት አይደለም። ቺፑን የሚነድፈው ኤንቪዲያ፣ የሚያመርተው የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ.፣ ማዕከሉን የሚያከራዩት እንደ ማይክሮሶፍትና አማዞን ያሉ ጥቂት ሞኖፖሎች ናቸው። ተከራዩ በቶከን ቁጥር ይከፍላል። አባቶቻችን በጭሰኝነት ዘመን ሲሶና እርቦ ሲገብሩ መሬቱ የባለርስቱ መሆኑን ቢያንስ ያውቁ ነበር። የዛሬው ጭሰኛ ድርጅት ግን ለዓመታት ያጠራቀመውን የሥራ መረጃ ተሸክሞ ሄዶ በሌላው ማሳ ላይ ከዘራ በኋላ «ፋብሪካ አለኝ» ሲል ይሰማል።

የሻጭ ስሌትም የሻጭ ስሌት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ዲፕሲክ የተባለው የቻይና ድርጅት በአነስተኛ ወጪ ሠለጠነ የተባለ ሞዴል ማቅረቡ ባስከተለው ድንጋጤ ጃንዋሪ 27 ቀን 2025 የኤንቪዲያ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን ወደ 590 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወርዶ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሁዋንግ በጉባኤው መድረክ ላይ ቆመው፣ የሚያስፈልገው የስሌት ኃይል ባለፈው ዓመት ከታሰበው በቀላሉ 100 እጥፍ ይበልጣል አሉ። በደረጃ እያሰላሰሉ የሚመልሱ ሞዴሎች ብዙ ስሌት እንደሚፈጁ አይካድም። ይሁን እንጂ ለዓመታት የሚያስረውን ውል ሊፈርም ብዕር ያነሣ ድርጅት ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያይ ይበጀዋል።

ከጉባኤው የሚጠቅም ነገር አልጠፋም። ጄኔራል ሞተርስ የፋብሪካ መስመሮቹን አስቀድሞ በኮምፒዩተር አምሳያ ለመሞከር ከኤንቪዲያ ጋር መስማማቱ እዚያው ተገልጿል። ብረት ሳይቆረጥ ስሕተትን ማረም ነውና ይህን የሚጠላ ወዛደር የለም። ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያው ሠራተኛውን እንዲያግዝ ሳይሆን እንዲያስባርር ሲታሰብ ነው። ክላርና የተባለው የስዊድን የክፍያ ድርጅት በፌብሩዋሪ 2024 መሣሪያው የ700 የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞችን ሥራ እንደሚሠራ በኩራት አወጀ። በሜይ 2025 ግን የድርጅቱ ኃላፊ ለወጪ ቅነሳ የተሰጠው ክብደት የአገልግሎቱን ጥራት እንደጎዳው አምነው ሰዎችን እንደገና ወደ መቅጠር ተመለሱ።

ከዚህም የባሰው የኤር ካናዳ ነው። የአየር መንገዱ መልስ ሰጪ መሣሪያ ለአንድ ሐዘንተኛ መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ መልስ ሰጠው። መንገደኛው በከሰሰ ጊዜ ኩባንያው መሣሪያው ለራሱ ድርጊት ራሱ ኃላፊ ነው እስከማለት ደረሰ! የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ሸንጎ በፌብሩዋሪ 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ኩባንያው እንዲከፍል ወሰነ። ትርፉ የባለቤቱ፣ ጥፋቱ የማሽኑ፤ የከበርቴው አስተሳሰብ ራሱን እንዲህ ገልጦ የሚያሳይበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሊያስገባ የተዘጋጀ ማንኛውም መሥሪያ ቤትም ለስሕተቱ ማን እንደሚጠየቅ፣ የሥራ መረጃው ወዴት እንደሚሄድ፣ የሥራ ቦታው የሚለወጠው ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ከፊርማው በፊት ለሠራተኛ ማኅበሩ በጽሑፍ ሊያሳውቅ ይገባዋል።

ጥሬ ዕቃውንና ላቡን በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ናይሮቢ ቅርብ ናት። በጃንዋሪ 2023 ይፋ እንደሆነው፣ ኦፕን ኤ.አይ. ሞዴሉ ከጸያፍ ቃላት እንዲጸዳ ሲፈልግ፣ ሳማ በተባለው ተቋራጭ በኩል አሰቃቂ ጽሑፎችን አንብበው የሚለዩት የኬንያ ሠራተኞች በሰዓት ከ2 ዶላር ያነሰ ይከፈላቸው ነበር። በዚያችው ከተማ ፌስቡክ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍና ምስል እየመረመሩ ከሚያጣሩት መካከልም የእኛን አማርኛ የሚያነቡ ነበሩ። ስማቸው በሳን ሆዜ አዳራሽ አይነሣም። እነዚህንና መሰሎቻቸውን ያቀፉ ከ150 በላይ ሠራተኞች በዓለም የሠራተኞች ቀን፣ ሜይ 1 ቀን 2023፣ ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ ይዘት አጣሪዎች ማኅበር እንዲቋቋም ድምፅ ሰጥተዋል።