“ሽንትሽ ደህና ነው” ማለት ብቻ አይበቃም!

መቼም በአገራችን “ስኳር የሀብታም በሽታ ነው” የሚለው ወሬ እስካሁን አልጠፋም። ጮማና ውስኪ ያበዛ ባለመኪናን ብቻ የሚይዝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ታዲያ የጎንደር ነፍሰ ጡሮች ምን በልተው ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በወጣ ጥናት፣ በከተማዋ የመንግሥት ጤና ተቋማት ክትትል ከሚያደርጉ 1,027 ሴቶች መካከል ከመቶ 12.8ቱ በእርግዝና የሚመጣ ስኳር ተገኝቶባቸዋል። ከስምንት አንዷ ገደማ ማለት ነው!

ይህ ስኳር ድምፅ የለውም። የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ሲያዳክሙ ቀስ ብሎ ይገባል። እናቲቱ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማትም። ጎረቤትም “ሆድሽ ገፍቷል፣ ደንዳና ልጅ ነው” ብሎ ደስ ይለዋል። ጉዱ የሚፈላው በምጥ ሰዓት ነው። ልጁ ከልክ በላይ ገዝፎ ትከሻው ሊያዝ፣ እናቲቱም በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ትችላለች። የደም ግፊትም ያሰጋታል። ሕፃኑም እንደተወለደ የደሙ ስኳር ሊያሽቆለቁል ይችላል።

ኧረ ለመሆኑ ምን እየመረመርን ነው? ሽንት ይታይና “ደህና ነሽ፣ ሂጂ” ይባላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ሽንት ምስክር አይሆንም እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመዘኛ በባዶ ሆድ 92 ሚሊግራም መድረሱ ብቻ ይበቃል። ስኳር በሽንት የሚወጣው ግን በአብዛኛው ደም ውስጥ 180 ገደማ ሲያልፍ ነው። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ይህም ልክ ስለሚዛባ ጤነኛዋን በከንቱ ያስደነግጣል፣ የታመመችውን ያልፋታል።

“ወፍራሟንና በዘሯ ስኳር ያለባትን ብቻ እንመርምር” የሚሉ አሉ። የቀሩትስ የማን ልጆች ናቸው?

ምርመራው ተአምር አይጠይቅም። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት እናቲቱ በባዶ ሆዷ መጥታ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ትጠጣለች። ከመጠጣቷ በፊት፣ ከአንድ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ደሟ ይለካል። ቢገኝባትም ለብዙዎቹ ምግብን ማስተካከልና መንቀሳቀስ ይበቃል፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የተወሰኑት ናቸው። ከወለደች በኋላም በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል ደግማ ትታይ፤ ስኳሩ ውሎ አድሮ ቋሚ ሆኖ ሊመለስ ይችላልና።

የእርግዝና ክትትል በመንግሥት ተቋም ነፃ ነው ተብለናል። ነፃ የሆነው ካርዱ ነው ወይስ ምርመራውም? ጤና ሚኒስቴር ይመልስልን! አንቺም እህቴ፣ ስድስተኛ ወርሽን ስታጋምሺ “ደሜስ?” ብለሽ ጠይቂ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።